ባዶ ክብደት

ጠዋት የቀሰቀሰኝ የከሰል ሽታ ነው። ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው የከሰል ሽታ ብርቅ አይደለም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ብሎኩ በሙሉ ማንደጃውን በረንዳ ላይ ያወጣል። የዚያን ጠዋት ግን መብራት አልጠፋም። ሽታውም የጎረቤት አልነበረም። እትዬ በራሳችን በረንዳ ላይ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ማንደጃውን በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች። ጀበና የጣደች መስሎኝ ጠጋ አልኩ። የጣደችው የልጆቹን አጥሚት ነው።

ወጥ ቤት ገባሁ። የጋዝ ምድጃው ተወልውሎ ያበራል። ሲሊንደሩ ውስጥ ጋዝ እንዳለ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ማታ የመዘንኩት እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ ምነው በከሰል?»

«እንዲሁ ነው ልጄ፤ ከሰል ላይ ሲበስል ይጣፍጣል።»

አጥሚት ከሰል ላይ ስለበሰለ አይጣፍጥም። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። መልሱ ግን ስለተመቸኝ ዝም ብዬ ጫማዬን አሰርኩና ወደ ሥራ ሄድኩ። ማታ ከተናገርኩት ይልቅ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ጫማ ማሰሬ ነው።

ትንሿ ምልክት

ነገሩ የጀመረው ከእኛ ቤት ሳይሆን ከሊድስ ነው። እንግሊዝ አገር የምትኖረው ታናሽ እህቴ ጥር መጨረሻ ላይ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ሒሳብ ትችል የለ? እስቲ ይሄን ጉድ እየው» ብላ የጋዝ ክፍያ ደረሰኟንና የቆጣሪዋን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ።

እዚያ ጋዝ እንደ ውኃ በቧንቧ ነው ቤት የሚገባው። ቆጣሪው የሚቆጥረው በኪዩቢክ ሜትር ነው፤ የሚያስከፍሉት ግን በኪሎዋት ሰዓት። መንገዱ ከባድ አይደለም። ያለፈውን ንባብ ከአሁኑ ትቀንሳለህ፤ ከነጥብ በኋላ ያሉትን ቀያይ አሃዞች ትተዋቸዋለህ። ልዩነቱን በ1.02264 ታባዛለህ፤ ይህ የሙቀትና የግፊት ማስተካከያ ነው። የወጣውን በጋዙ የሙቀት ይዘት ታባዛለህ፤ እሱ ደረሰኙ ላይ ተጽፎ ይመጣል፣ የእሷ 39.5 ነበር። በመጨረሻ ለ3.6 ታካፍላለህ።

ቆጣሪዋ በ31 ቀን ከ4127 ወደ 4219 ሄዷል፤ 92 ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሠራሁት፤ 1,032 ኪሎዋት ሰዓት ወጣ። ጋዝ የሚያቀርብላት ድርጅት የጻፈው ግን 2,921 ነው። የተሳሳትኩት እኔ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። በአራተኛው ትልቁን ለትንሹ አካፈልኩት፤ 2.83። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የሚመጣ ቁጥር አይደለም። አሮጌዎቹ የእንግሊዝ ቆጣሪዎች የሚቆጥሩት መቶ መቶ ኪዩቢክ ጫማ እያደረጉ ነው፤ መቶ ኪዩቢክ ጫማ ደግሞ 2.83 ኪዩቢክ ሜትር ነው። ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁት። ከአሃዞቹ ጎን፣ ምስር የምታክል፣ የሜትር ኩብ ምልክት አለች። ደረሰኙ ላይ ያለው ግን የጫማ ምልክት ነው። ቆጣሪው አንድ ጊዜ ተቀይሯል፤ መዝገቡን የቀየረለት ሰው የለም።

እህቴ ፎቶውን ላከችላቸው፤ ትርፉን መለሱላት። ከዚያ በኋላ በቤተሰብ ጥሪ ሁሉ ስሜ «መሐንዲሱ» ሆነ። እትዬ «ልጄ ፈረንጆቹን በሒሳብ ረታቸው» ብላ እልልታዋን ስታቀልጠው በሊድስ በኩል ስልኩ ጮኾ አንባረቀ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ከሚገባው በላይ ደስ ብሎኛል።

የሻንጣ ሚዛን

ሰው አንድ ነገር ከተሳካለት ሌላ የሚሰላ ነገር መፈለግ ይጀምራል። እኛ ቤት የመብራት ካርድ ቆጣሪ አለ፤ የቀረውን በቁጥር ይነግርሃል። የውኃም ቆጣሪ አለ። ጋዙ ግን ሲሊንደር ነው፤ ዝም ብሎ ጥግ ይዞ ይቆምና አንድ ቀን ሽሮው ሳይንተከተክ ድርግም ይላል።

የብሎካችን ሰው ጋዝ መቅረቱን የሚያውቅበት ዘዴ አያልቅበትም። አንዱ በማንኪያ ይኳኳል፣ አንዱ ይነቀንቃል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ለብ ያለ ውኃ ጎኑ ላይ አፍስሰው በእጃቸው ይዳስሱታል፤ ፈሳሹ ያለበት ድረስ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ከሁሉም የሚያስኬደው የእሳቸው ነው። ሲያልቅ የሚያጋድመው፣ ይባስ ብሎ የሚገለብጠው ሰውም አለ። ይሄንን ተዉ፤ ፈሳሹ ራሱ በጎማው ወደ ምድጃው ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚነደው ወጥ ብቻ አይሆንም።

ግፊት መለኪያ ብገጥምስ ብዬም አስቤ ነበር። አይሠራም። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን ግፊት ስላለበት ፈሳሽ ሆኖ ነው የተቀመጠው፤ አንድ ጣት የሚሞላ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ከላይ ያለው ግፊት ያው ነው፣ የሚለዋወጠው ከቀኑ ሙቀት ጋር ነው። መርፌው ሙሉ ነው፣ ሙሉ ነው እያለ ቆይቶ በመጨረሻው ቀን ይወድቃል። ስለዚህ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ መመዘን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዝለቅ፤ ጉዳዩ ስለሚገርመኝ ነው። በሶማሌ ክልል በካሉብና በሂላላ ያለው የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ሲሊንደራችን ውስጥ ካለው ይለያል፤ የእህቴ ቤት በቧንቧ ከሚገባው ዓይነት ነው። አንድ ቀን ቧንቧው ኮዬ ፈጬ ቢደርስ ያ 1.02264 የሚባለው ማስተካከያ እኛ ጋ አይሠራም። ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቆጣሪ የሚቆጥረው ጋዙ የሚይዘውን ቦታ ስለሆነ አንድ ኪዩቢክ ሜትር ብሎ የሚያስከፍለን ጋዝ ውስጥ ያለው ማገዶ በሩብ ገደማ ያነሰ ይሆናል። ኪሎ ግን ከፍታ አያውቅም። ሚዛን የወደድኩት በዚህም ጭምር ነው።

ሚዛኑን ከገበያ አልገዛሁትም። እህቴ ያለፈው ጊዜ ስትመጣ የረሳችው የሻንጣ ሚዛን አለ፤ መንጠቆ ያለው፣ እስከ 50 ኪሎ የሚችል። መንጠቆውን ከሲሊንደሩ እጀታ አስገብተህ፣ ማንገቻውን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ ወገብህን ጠብቀህ ከፍ ታደርገዋለህ፤ ሁለቴ ጢጥ ሲል ቁጥሩ ይቆማል። ታኅሣሥ ላይ የገባውን ሲሊንደር እጀታው ላይ ያለውን ባዶ ክብደት አንብቤ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌ ነበር፤ 15.1። ጋዙ 12.5 ኪሎ ነው። ሲሞላ 27.6። ደብተሩን የልጄን ቀለም ሰርቄ በቀይ አሰመርኩለት።

ያ ሲሊንደር 59 ቀን ቆየ። 12.5 ሲካፈል ለ59፣ በቀን 212 ግራም። ለመዝናናት ያህል ከእህቴም ጋር አነጻጸርኩት። የአንድ ኪሎ ጋዝ ጉልበት 13.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ እሷ በአንድ ወር ክረምት ቤት ለማሞቅ ያነደደችው የእኛን ስድስት ሲሊንደር ያህላል። ለእትዬ ስነግራት «አይ ልጄ፣ ብርዱ ነዋ» አለች፣ የእህቴ ብርድ እሷን እንደበረዳት ትከሻዋን ሰብስባ።

የተክለ ሃይማኖት ዕለት ማታ

እትዬ አክስታችን ናት። እኔንና እህቴን ያሳደገችን እሷ ናት። ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ አራስ ልትጠይቅ መጥታ በዚያው ቀረች። እኔና ባለቤቴ ከንጋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነን፤ ቀን ቀን ቤቱም፣ ልጆቹም፣ ምድጃውም የእሷ ነው።

አዲሱን ሲሊንደር የካቲት 12 አስመጣሁ። ተሸካሚዎቹ የሚያስከፍሉት በፎቅ ቆጥረው ነው፤ ሦስተኛው ላይ አረፍ ብለው አራተኛው ላይ ይነጫነጫሉ። እኔም ችኩል ነበርኩ፤ ሲገባ አልመዘንኩትም። ሲሊንደር ሲሊንደር ነው፣ ሲሞላ 27.6 ነው አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው፤ ልዩነቱ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም ነገር አልነበረም።

የካቲት 24 ከራት በኋላ ሲሊንደሩን ከፍ አደረግኩት። 23.1። ከ27.6 ቀነስኩ፤ 4.5 ኪሎ። ለ12 ቀን አካፈልኩ፤ በቀን 375 ግራም። ደብተሩን ትክ ብዬ አየሁት። ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ጎማውንና ሬጉሌተሩን በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ፤ የሚያፈስ ነገር የለም። ባለቤቴ «ጾም ነው እኮ፤ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ሽሮው…» ማለት ጀምራ ነበር። እውነት አላት። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጥራጥሬ እሳት ላይ ይቆያል። እኔ ግን የያዝኩት ቁጥር ነው፤ ቁጥር የያዘ ሰው ደግሞ አይሰማም።

«እትዬ፣ በቀን 212 ግራም ነበር፤ አሁን 375 ሆኗል። እኛ ቀን የለንም። ምድጃው ሳይጠፋ የሚውልበት ጊዜ አለ እንዴ?»

ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። እንዲያውም በጣም በትሕትና ነው የተናገርኩት፤ ደብተሩን ወደ እሷ አዙሬ፣ ቀዩን መስመር በጣቴ እያሳየሁ። ዛሬ ሳስበው የሚያስጠላኝ ትሕትናው ነው። ብጮኽባት ትጮኽብኝ ነበር።

«ሳይጠፋ?» አለች። ደብተሩን አላየችውም፤ ያየችው እኔን ነው። «እንጃ ልጄ። እንግዲህ አንተ መዝነኸዋል። ሚዛን ከያዘ ሰው ጋር ምን ክርክር አለ።»

ተነሥታ ወደ ማጠቢያው ሄደች። የታጠቡትን ሲኒዎች ከመደርደሪያው አንድ በአንድ አውርዳ እንደገና አጠበቻቸው። ስድስት ሲኒ ነው። ስድስተኛውን አድርቃ እስክታስቀምጥ ድረስ በዚያ ቤት ውስጥ የተናገረ ሰው የለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ እኔ የዚያን ማታ ወለምታ መሆኑን እንኳ አላወቅኩም ነበር። ሒሳብ የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ።

በማግሥቱ ነው የከሰሉ ሽታ የቀሰቀሰኝ።

ተስተካክሏል

ማንደጃው ከዚያ በኋላ ከበረንዳው አልገባም። መጀመሪያ አጥሚቱ፣ ቀጥሎ ምስሩ፣ ቀጥሎ የልጆቹ የገላ ውኃ። ኮዬ ፈጬ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባድ ነው፤ አመዱ በልብስ ማስጫው ላይ ይበተናል። እኔ እንዳላየ አለፍኩ። አየሁ ማለት ስለ ማታው መነጋገር ይሆናላ።

መጋቢት 5 እህቴ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ ጋዝ አልቆባችኋል እንዴ? እትዬን በደወልኩላት ቁጥር በረንዳ ላይ ናት፤ ጭሱ ዓይኗን ደም አስመስሎታል።» አላለቀም አልኳት። «ታዲያ?» አለች። መልስ ስላልነበረኝ ደብተሬን አነሣሁ። ሰው ሲያፍር የሚገባበት ጓዳ አለው፤ የእኔ ሒሳብ ነው።

መዘንኩ፤ 22.3። ከ23.1 ስቀንስ 0.8 ኪሎ። ለ11 ቀን ሳካፍል በቀን 73 ግራም። ከ375 ወደ 73! እስክሪብቶዬን አንሥቼ ከጎኑ «ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ቃል ከደብተሩ አልፋቅኩትም። በዚያች ደቂቃ ቤት ውስጥ ያለው ጭስ የማን እንደሆነ ጭራሽ አልታየኝም፤ የታየኝ የወረደው ቁጥር ነው።

ሲሊንደሩን ሳወርድ መንጠቆው አዳለጠኝ። እግሬ ላይ እንዳይወድቅ እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ በአውራ ጣቴ ሥር የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። የስልኬን መብራት አበራሁ። ግራጫ ቀለም ተደጋግሞ የተቀባበት፣ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር ነው። በጨርቅ ወለወልኩት። 13.2።

15.1 አይደለም። 13.2።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባዶ ሲሊንደር ሰጥተህ ሙሉ ስትወስድ የምትወስደው ሌላ ሲሊንደር ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ባዶ ክብደት አለው፣ ቁጥሩን እጀታው ላይ የሚመቱበት ለዚሁ ነው። ይሄኛው የገባው 25.7 ሆኖ ነበር። ከ25.7 ላይ 23.1 ሲነሣ 2.6። በ12 ቀን 2.6 ኪሎ ማለት በቀን 217 ግራም ነው። ከድሮው ጋር የአምስት ግራም ልዩነት፤ ሚዛኔ ራሱ ከዚያ በላይ ሊሳሳት ይችላል። ጾሙንና ምስሩን ጨምሮ፣ እትዬ ያው እትዬ ነበረች። ያባከነችው ጋዝ የለም። ያ 1.9 ኪሎ የሚባል ጋዝ መጀመሪያውኑ አልነበረም፤ የብረት ክብደት ነው።

የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ያን ቀን ማታ ሁለት ንባብ ቢኖረኝ፣ የገባ ዕለት አንድ፣ ያን ዕለት አንድ፣ ባዶ ክብደቱን ጭራሽ ማወቅ አያስፈልገኝም ነበር። ሲቀናነስ ብረቱ ከሁለቱም ወገን ይጠፋል፤ የሚቀረው ጋዙ ነው። እኔ ግን በእጄ የነበረው አንድ ንባብና አንድ ግምት ነው። ሊድስ ያለው ድርጅት የድሮውን ቆጣሪ መለኪያ በአዲሱ ላይ አድርጎ እህቴን ሲያስከፍላት በፎቶ ያጋለጥኩት መሐንዲስ፣ የድሮውን ሲሊንደር ክብደት በአዲሱ ላይ አድርጌ ያሳደገችኝን ሴት አስከፈልኳት። እሷ ደግሞ ፎቶ ልካ የምትከራከርበት ቦታ የላትም።

ሚካኤል

የዚያኑ ማታ ጠራኋት። ሲሊንደሩን መሀል ወለል ላይ አቁሜያለሁ። ነገሩን እየተንተባተብኩ አስረዳኋት። መነጽሯን አልፈለገችም፤ በርከክ ብላ ቁጥሩን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችው፣ እንደ ዓይነ ስውር፣ አንዱን፣ ሦስቱን፣ ነጥቡን፣ ሁለቱን።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት። ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ።»

ቀና አላለችም። «ያኛው» አለች፣ «በታኅሣሥ ሚካኤል ገብቶ በየካቲት ሚካኤል ዋዜማ አለቀ። ይሄኛውም ያንኑ ያህል ነበር የሚቆየው። ድስቱ ያው፣ እሳቱ ያው።»

በልቤ ቆጠርኩ። ከታኅሣሥ 12 እስከ የካቲት 11፤ ወራችን 30፣ 30 ስለሆነ ሳትቸገር ትደርስበታለህ፤ 59 ቀን። ደብተሬ ውስጥ በቀይ ያሰመርኩበት ቁጥር እሷ ጋ በሚካኤል ተቆጥሮ ተቀምጧል። ከዚያ በፊት የነበሩትንም ታውቃለች፤ በመስቀል ሰሞን የገባውን፣ ለክርስትና ድግስ ቶሎ ያለቀውን። እኔ ካሉኝ ንባቦች የእሷ ይበልጣሉ።

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠየቅኸኝ እንዴ?» አለች። «ነገርከኝ እንጂ።»

ይቅር ብላኛለች፤ በአፏም ብላለች፣ እግዜር ይቅር ይበልህ ብላ ግንባሬን ስማኛለች። በማግሥቱ አጥሚቱ ጋዝ ላይ ተሠራ። ደብተሩን ልጥለው ፈልጌ ባለቤቴ ከለከለችኝ፤ «ደብተሩ ምን አደረገ?» ብላ።

ስለዚህ መጻፌን ቀጠልኩ። መጋቢት 5 ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው 9.1 ኪሎ ነበር። በቀን በ212 ግራም ቢነድ 43 ቀን ይሆናል፤ ሚያዝያ 18 ገደማ ማለቅ አለበት። ያውም በመካከሉ ፋሲካ አለ፤ የዶሮ ወጥ ቁሌት ብቻውን ግማሽ ቀን እሳት ላይ ይውላል። ሚያዝያ 18 መጣ፤ ምድጃው ይነዳል። ያለቀው ግንቦት 6 ነው።

አዲሱን ይዘው የመጡት ልጆች ደጅ ላይ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ እትዬ ከኋላዬ መጥታ «ሳይገባ አንብባት» አለችኝ። 14.4። በዚያው መዘንኩት። ልጆቹ የሻንጣ ሚዛኑን አይተው ተሳሳቁ።

የ18 ቀኑን ልዩነት ግን አልጠየቅኳትም። ደብተሩ ላይ ቁጥሩን ጽፌ ምክንያት በሚለው ሥር ሰረዝ አድርጌአለሁ። ማንደጃው በረንዳው ጥግ ካርቶን ተከድኖ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት እሷ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ካርቶኑን አንሥቼ አመዱን ነካሁት። ይሞቃል።